የስልካችሁን ባክአፕ ኮምፒውተር ላይ መሥራትና ከፍቶ ማየት

ባክአፕ ያላቸው የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ፋይሉ ባዶ መሆኑ፣ ፓስወርዱ መረሳቱ ወይም የተቀዳው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ስልክ መሆኑ የሚታወቀው ስልኩ ከተሰረቀ ወይም ስክሪኑ አልበራም ካለ በኋላ ነው። ስለዚህ እዚህ ሁለቱን ሥራዎች አልነጣጥላቸውም። ባክአፑን እንሠራለን፣ እዚያው ቁጭ እንዳልን ከፍተን እናየዋለን። አማርኛው መነበቡን፣ የኮንታክቱ ብዛት መሙላቱን፣ ፎቶው መከፈቱን ሳናይ ከወንበር አንነሳም።

ኮምፒውተር ላይ ለምን? ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፣ አፕል ደግሞ 5 ጊጋባይት። የልጆቹን ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ይህን ቶሎ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ይመጣል፤ አገር ቤት ላለ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሃምሳ ጊጋ ፎቶ ወደ ኢንተርኔት ለመጫን የሚሄደው ፓኬጅም አለ። ኬብል ግን ዳታ አይበላም። ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራው ይቀጥላል።

ከመነሳታችሁ በፊት

ኬብሉን ፈትሹ። ርካሽ ኬብሎች ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የማያስተላልፉ አሉ። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ምንም ካላሳየ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ኬብሉን ይሁን። ስልኩ ተበላሽቷል ብላችሁ ወደ ጥገና ከመሮጣችሁ በፊት ሌላ ኬብል ሞክሩ።

ሁለተኛው ቦታ ነው። በስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ የሚለውን ክፈቱና ምን ያህል እንደተያዘ እዩ። ኮምፒውተሩ ላይ ከዚያ የሚበልጥ ባዶ ቦታ መኖር አለበት። ወደ ፍላሽ የምትገለብጡ ከሆነ የፍላሹን አፎራመት እዩ። ፋት 32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነን አንድ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮ ሲገለበጥ መሃል ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ፍላሹ ባዶ ከሆነ ኤክስፋት ብላችሁ ፎርማት አድርጉት። ባዶ ካልሆነ መጀመሪያ በላዩ ላይ ያለውን አውጡ፤ ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል።

መብራትም አለ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ምረጡ።

አንድሮይድ፦ በየዓይነቱ ማውጣት

አንድሮይድ ሁሉን ነገር በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ለኮምፒውተር የሚያስረክብ የራሱ አዝራር የለውም። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሳምሰንግ፣ ሻዎሚ ሁሉም የየራሳቸው አካሄድ አላቸው። የትኛውም ስልክ ላይ የሚሠራው መንገድ በየዓይነቱ ማውጣት ነው፤ ኮንታክት ለብቻ፣ መልእክት ለብቻ፣ ፎቶ ለብቻ። አድካሚ ይመስላል፤ ግን የሚወጡት ፋይሎች የትኛውም ኮምፒውተር ላይ፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን፣ የሚከፈቱ ናቸው።

በኮንታክት እንጀምር።

1. የጉግልን ኮንታክትስ አፕ ክፈቱ። ከታች ኦርጋናይዝ የሚለውን፣ ቀጥሎ ኤክስፖርት ቱ ፋይል የሚለውን ንኩ። ሳምሰንግ ላይ በኮንታክት አፑ ሜኑ ውስጥ ማኔጅ ኮንታክትስ በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ።
2. የቱን አካውንት እንደምታወጡ ይጠይቃችኋል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ሰው ግማሹ ኮንታክት በጉግል አካውንቱ፣ ግማሹ በስልኩ፣ ጥቂቱ ደግሞ በሲም ካርዱ ላይ ነው ያለው። ሁሉንም አውጡ።
3. ቪሲኤፍ የሚባል ፋይል ይወጣል። ብዙ ጊዜ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። በኬብል ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት።

አሁን እንክፈተው። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ጫኑትና ፋይሉን በእሱ ክፈቱ። እያንዳንዱ ሰው ቢጊን ቪካርድ በሚል የእንግሊዝኛ መስመር ይጀምራል፣ ኤንድ ቪካርድ በሚል ያልቃል። በመሃል ስምና ስልክ ቁጥር አለ። የእንግሊዝኛ ስሞች እንዳሉ ይነበባሉ። አማርኛዎቹን ስታዩ ግን ልትደነግጡ ትችላላችሁ። በእኩል ምልክት የተለያዩ ቁጥሮችና ፊደሎች ተደርድረው ነው የምታገኙት።

አልተበላሸም። ቪካርድ የሚባለው የዚህ የኮንታክት ፋይል ቅርጽ ነው፤ የድሮው ስሪቱ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለን ፊደል የሚጽፈው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ይጻፋል፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛው ኢ ፊደልና ቁጥር 1 ነው። ስለዚህ አበበ የሚለው ስም ሦስት ፊደል ቢሆንም በፋይሉ ውስጥ ዘጠኝ ጥንድ ሆኖ ይታያል፤ በየሦስተኛው ጥንድ ላይ ኢ እና 1 ይመላለሳሉ። ይህን ካያችሁ ስሙ ሙሉ ነው። ፋይሉን አዲስ ስልክ ላይ ወይም የጉግል ኮንታክትስ ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡት አበበ ሆኖ ይመለሳል። በስሙ ቦታ ባዶ ወይም የጥያቄ ምልክት ብቻ ካያችሁ ግን ስሙ ጠፍቷል። በሌላ አፕ እንደገና አውጡት።

ቀጥሎ ቁጠሩ። በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ መፈለጊያውን ክፈቱ፣ ቢጊን ቪካርድ የሚለውን መስመር ከፋይሉ ላይ ቀድታችሁ አስገቡ፣ ካውንት የሚለውን ተጫኑ። የሚመጣው ቁጥር ስልካችሁ ላይ ካለው የኮንታክት ብዛት ጋር መቀራረብ አለበት። ስልኩ 640 እያለ ፋይሉ 210 ካለ አንዱን አካውንት ረስታችኋል ማለት ነው።

ኤክሴልን የሚመርጡ ሰዎችም አሉ። ጉግል ኮንታክትስ ድረ ገጽ ላይ ሲኤስቪ ብሎ ማውጣት ይቻላል። ይህን ፋይል ግን ሁለቴ ነክታችሁ አትክፈቱት። ሁለት ነገር ሊበላሽ ይችላል። አንደኛ አማርኛው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ኤክሴል ስልክ ቁጥርን እንደ ሒሳብ ቁጥር ይቆጥረዋል። በ09 የሚጀምረው ቁጥር ዜሮው ይወድቅና በ9 ይጀምራል። በ251 የሚጀምረው ደግሞ ነጥብና የእንግሊዝኛ ኢ ያለበት አጭር ቁጥር ሆኖ ይታያል። በዚያ መልኩ ሴቭ ካደረጋችሁት የመጨረሻዎቹ አኃዞች ተመልሰው ላይመጡ ይችላሉ። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ ዳታ የሚለው ትር ውስጥ ፍሮም ቴክስት ሲኤስቪ የሚለውን ምረጡ፣ ፋይል ኦሪጅን በሚለው ቦታ 65001 ዩኒኮድ የሚለውን፣ ዳታ ታይፕ ዲቴክሽን በሚለው ደግሞ ዱ ኖት ዲቴክት የሚለውን ምረጡ። አማርኛውም ዜሮውም ቦታቸው ላይ ይሆናሉ።

አጭር መልእክት

የባንክ መልእክቶቻችንን ብዙዎቻችን እንደ ደረሰኝ ነው የምንጠቀምባቸው። ማን መቼ ስንት እንደላከ የምናስታውሰው ከእነሱ ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል አትዝለሉት።

ኤስኤምኤስ ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር የሚባለው አፕ ለዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ከፕሌይ ስቶር ጫኑት፣ ባክአፕ የሚለውን ምረጡ፣ መልእክትና የጥሪ ዝርዝር የሚሉትን አብሩ፣ ማስቀመጫውን ስልኩ ላይ አድርጉ። የሚወጣው ኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ወደ ኮምፒውተር ገልብጡና በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ክፈቱት።

እያንዳንዱ መልእክት አንድ መስመር ነው። አድረስ የሚለው የላኪው ቁጥር ወይም ስም ነው። ታይፕ የሚለው 1 ከሆነ የመጣላችሁ፣ 2 ከሆነ የላካችሁት ነው። ቦዲ የሚለው ጽሑፉ ራሱ ነው፤ አማርኛው እዚህ ያለ ችግር ይነበባል። ዴት በሚለው ቦታ የምታዩት ረጅም ቁጥር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሚሊሰከንድ ነው። እሱን ለማስላት አትድከሙ፤ ሪደብል ዴት የሚል ሌላ ቦታ ላይ ቀኑ በሚነበብ መልኩ ተጽፏል።

ኤክሴልም ይህን ፋይል እንደ ሰንጠረዥ ሊከፍተው ይችላል። መልእክቶቹ ውስጥ ኢሞጂ ካለ ግን ስህተት አለ ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ፋይሉ ደህና ነው፤ በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ከተነበበ በቂ ነው። ለማረጋገጥ ከባንካችሁ የመጣ የቆየ መልእክት ስልኩ ላይ ፈልጉና ያንኑ የገንዘብ መጠን በፋይሉ ውስጥ ፈልጉት።

ፎቶና ቪዲዮ

ስልኩን በኬብል አገናኙና ስክሪኑን ክፈቱ። ከላይ በሚመጣው ማሳወቂያ ላይ ፋይል ትራንስፈር የሚለውን ምረጡ። ካልመረጣችሁ ኮምፒውተሩ ስልኩን ባዶ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ዲሲም የሚባለው ፎልደር የካሜራችሁ ነው። ፒክቸርስ እና ዳውንሎድ የሚባሉትንም ውሰዱ። የዋትሳፕ ፎቶዎች ከ2020ው አንድሮይድ 11 ወዲህ ቦታ ቀይረዋል፤ አንድሮይድ፣ ከዚያ ሚዲያ፣ ከዚያ የዋትሳፕ ስም ያለበት ፎልደር ውስጥ ናቸው።

ኮፒ አድርጉ፣ ካት አታድርጉ። ኬብሉ መሃል ላይ ቢነቀል ካት የተደረገ ፋይል ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ ይችላል። ሲያልቅ የፋይሉን ብዛት በሁለቱም በኩል አስተያዩ፤ ከመጀመሪያው፣ ከመሃልና ከመጨረሻው ጥቂት ፎቶና ቢያንስ አንድ ረጅም ቪዲዮ ክፈቱ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ወስዳችሁ እዩት። ተቆርጦ የተገለበጠ ቪዲዮ መጀመሪያው ላይ ደህና ሊመስል ይችላል።

ማክ ያላችሁ ማክ ለብቻው አንድሮይድን አያነብም። ኦፕን ኤምቲፒ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫኑ።

ሳምሰንግ ከሆነ ስማርት ስዊች የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከዚህ ሁሉ ጋር ተጨማሪ ሆኖ ይጠቅማል። ባክአፕ የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ፋይሎቹን ዶክዩመንትስ ውስጥ ሳምሰንግ በሚል ፎልደር ያስቀምጣል። ችግሩ ኮንታክቱንና መልእክቱን የሚያነበው ራሱ ስማርት ስዊች መሆኑ ነው። ነገ ወደ ሌላ ስልክ ብትቀይሩ ያ ፋይል ብዙም አይረዳችሁም። ስለዚህ ሳምሰንግ ቢኖራችሁም ከላይ ያሉትን ቪሲኤፍና ኤክስኤምኤል ፋይሎች እንድታወጡ እመክራለሁ።

ቴሌግራምና ዋትሳፕ

ቴሌግራም መልእክቱን የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ላይ ነው። ስልክ ቢጠፋም በቁጥራችሁ መልሳችሁ ትገባላችሁ። ግን ሲም ካርዱን ማስመለስ ካልተቻለስ? ወይም ሌላው ወገን ውይይቱን ለሁለታችሁም ቢያጠፋውስ? ቢጠፋ የምታዝኑበት ነገር ካለ ፋይል አድርጋችሁ ያዙት።

ይህን የሚሠራው ቴሌግራም ዴስክቶፕ ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ አድቫንስድ ውስጥ ግቡና ወደ ታች ውረዱ፤ ኤክስፖርት ቴሌግራም ዳታ የሚል አለ። ማክ ላይ ከአፕ ስቶር የሚገኘው ቴሌግራም የሚባለው አፕ ይህ የለውም፤ ቴሌግራም ላይት የሚባለውን ጫኑ። የምትፈልጓቸውን ምረጡ፤ የግል ውይይት፣ ግሩፕ፣ ፎቶ፣ የድምፅ መልእክት። የፋይል መጠን ገደቡን ሳታዩ አትለፉ። ዝቅ ብሎ ከተተወ ትልልቅ ቪዲዮዎች ይቀራሉ። ቅርጹን ኤችቲኤምኤል አድርጉት። ኮምፒውተሩ ላይ ገና መግባታችሁ ከሆነ ቴሌግራም ለደኅንነት ብሎ እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ስልኩን ልትሸጡ በምትወጡበት ጠዋት አትጀምሩት። ሲክሬት ቻት በዚህ መንገድ አይወጣም።

ሲያልቅ የወጣውን ፎልደር ክፈቱና ኤክስፖርት ሪዛልትስ የሚለውን ፋይል ንኩ። ብራውዘር ውስጥ ልክ እንደ ቴሌግራም ሆኖ ይከፈታል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ፎልደሩን ስታዘዋውሩ ሙሉውን አንድ ላይ አዘዋውሩ። የመልእክቱን ፋይል ብቻ ነጥላችሁ ከወሰዳችሁ ፎቶውና ድምፁ አይከተለውም።

ዋትሳፕ የራሱን ባክአፕ በሚስጥር ቁልፍ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ዳታቤዝስ የሚለውን ፎልደር ወደ ኮምፒውተር ብትገለብጡት ጥሩ ነው፤ ያለ ቁልፉ ግን ምንም አይነበብም። ኮምፒውተር ላይ ማንበብ የምትፈልጉትን ውይይት ለየብቻው ኤክስፖርት ቻት ብላችሁ አውጡ። ተራ የጽሑፍ ፋይል ይሰጣችኋል። ገደብ አለው፤ ከነፎቶው እስከ 10,000፣ ያለ ፎቶ እስከ 40,000 የቅርብ ጊዜ መልእክት። ኤንድ ቱ ኤንድ ባክአፕ አብርታችሁ ባለ 64 አኃዙን ቁልፍ ከመረጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። እሱ ከጠፋ ዋትሳፕም ራሱ ሊከፍትላችሁ አይችልም።

አይፎን፦ መሥራቱ

አይፎን ከአንድሮይድ በተቃራኒ አብዛኛውን ነገር በአንድ ጊዜ ይጠቀልላል። ማክ ላይ ከ2019ኙ ካታሊና ጀምሮ ፋይንደር ነው የሚሠራው። ዊንዶውስ ላይ አይቲዩንስን ወይም ከማይክሮሶፍት ስቶር አፕል ዲቫይስስ የሚለውን አፕ ጫኑ።

1. ስልኩን በኬብል አገናኙ። ትረስት የሚል ጥያቄ ስልኩ ላይ ይመጣል፤ ተስማሙና የስክሪን ቁጥራችሁን አስገቡ።
2. ስልኩን ከዝርዝሩ ምረጡ። ሁሉንም ዳታ ወደዚህ ኮምፒውተር የሚለውን ምልክት አድርጉ።
3. ኢንክሪፕት ሎካል ባክአፕ የሚለውን አብሩና ፓስወርድ ስጡት።
4. ባክአፕ ናው የሚለውን ተጫኑ። ስልኩ የስክሪን ቁጥሩን እንደገና ሊጠይቅ ይችላል፤ ካላያችሁት ዝም ብሎ ይጠብቃችኋል።

ሦስተኛውን የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ ፓስወርድ የሚያስቸግር ስለሚመስል። ግን ያልተቆለፈ ባክአፕ የተቀመጡ ፓስወርዶችን፣ የዋይፋይ ቁልፎችን፣ የጤና መረጃን አይዝም። በአዲሶቹ ስሪቶች የጥሪ ዝርዝሩንም የሚይዘው የተቆለፈው ብቻ ነው። ቆልፉት። ፓስወርዱን ግን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አኑሩ። አፕልም ጭምር ሊከፍትላችሁ አይችልም።

ፓስወርዱን ከረሳችሁ አንድ መውጫ አለ፤ ለወደፊቱ ብቻ። ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ስልኩ ላይ ጀነራል፣ ትራንስፈር ኦር ሪሴት፣ ሪሴት ኦል ሴቲንግስ ካላችሁ የባክአፑ ፓስወርድ ይነሳል። ፎቶና መልእክት አይጠፋም፤ ዋይፋይና የመሳሰሉት ማስተካከያዎች ግን ይሰረዛሉ። ከዚያ አዲስ ባክአፕ በአዲስ ፓስወርድ ትሠራላችሁ። አሮጌው እንደተቆለፈ ይቀራል።

የማይገቡም አሉ። አይክላውድ ፎቶስ አብርታችሁ ከሆነ እዚያ የተቀመጡት ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ባክአፕ ውስጥ አይደገሙም። የፊትና የጣት አሻራም አይገባም። የባንክ አፖችና ቴሌብር ደግሞ በአብዛኛው አዲስ ስልክ ላይ እንደገና ማረጋገጥ ይፈልጋሉ፤ ለዚያ ሲም ካርዱ ያስፈልጋችኋል።

አይፎን፦ መክፈቱ

ፋይሉ የት ነው? ማክ ላይ ፋይንደር ውስጥ ማኔጅ ባክአፕስ በሉ፣ ባክአፑ ላይ በቀኝ ንኩና ሾው ኢን ፋይንደር ምረጡ። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና የአር ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ፤ በሁለት የፐርሰንት ምልክት መካከል አፕዳታ የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ከዚያ አፕል ኮምፒውተር፣ ሞባይልሲንክ፣ ባክአፕ እያላችሁ ግቡ። ከማይክሮሶፍት ስቶር የጫናችሁ ከሆነ በራሳችሁ የተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ አፕል በሚል ሥር ነው።

ውስጡ ስትገቡ ፎቶ ወይም ስም ያለው ፋይል አታገኙም። ባለ ሁለት ሆሄ ስም ያላቸው እስከ 256 የሚደርሱ ፎልደሮች፣ በውስጣቸው ደግሞ 40 ሆሄ የሚረዝም ስም ያላቸው ፋይሎች ናቸው። ከ2016ቱ አይኦኤስ 10 ጀምሮ አሠራሩ ይህ ነው። የእያንዳንዱ ፋይል ስም ከነበረበት ቦታ በሒሳብ የተሰላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሆሄያት ደግሞ የፎልደሩ ስም ናቸው። ማኒፌስት የሚባለው የዳታቤዝ ፋይል እንደ ማውጫ ሆኖ የትኛው ስም የትኛው ፋይል እንደሆነ ይነግራል።

መጀመሪያ መጠናቀቁን እዩ። ስታተስ የሚባለውን ትንሽ ፋይል በኖትፓድ ክፈቱት። አብዛኛው የማይነበብ ነው፤ መሃሉ ላይ ግን ፊኒሽድ የሚል የእንግሊዝኛ ቃል መኖር አለበት። ከሌለ ባክአፑ መሃል ላይ ተቋርጧል፤ ድገሙት።

የቀጠለውን ከመሥራታችሁ በፊት ሙሉውን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ብቻ ሥሩ። ዋናው ውስጥ አንዲት ፋይል ብትነካ ሪስቶር (ባክአፑን ወደ ስልክ መመለሱ) ሊበላሽ ይችላል።

ባክአፑ ያልተቆለፈ ከሆነ ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት የሚባል ነጻ ፕሮግራም ይበቃችኋል። ማኒፌስቱን በእሱ ክፈቱ፣ ብራውዝ ዳታ ግቡ፣ ፋይልስ የሚለውን ሰንጠረዥ ምረጡ። ዶሜይን በሚለው አምድ ላይ ካሜራ ሮል ብላችሁ አጣሩ። ሪሌቲቭ ፓዝ የሚለው አምድ የፎቶውን ትክክለኛ ስም ያሳያል፤ ፋይል አይዲ የሚለው ደግሞ ባክአፑ ውስጥ ያለውን ረጅሙን ስም። አንዱን ፎቶ ምረጡ። የፋይል አይዲውን ሁለት የመጀመሪያ ሆሄያት አይታችሁ ፎልደሩን ክፈቱ፣ ፋይሉን ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጉ፣ ስሙን በሪሌቲቭ ፓዙ ላይ እንዳለው ቀይሩት፤ መጨረሻው ላይ ያለውን ጄፒጂ ወይም ኤችኢአይሲ ጨምሮ። ንኩት፤ ፎቶው ይከፈታል። ኤችኢአይሲ ከሆነና ዊንዶውስ አልከፍትም ካለ ከማይክሮሶፍት ስቶር የሂፍ ማራዘሚያውን ጫኑ።

መልእክቱ ደግሞ 3ዲ በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። ፋይሉ በ3ዲ0ዲ7ኢ5ኤፍ ይጀምራል፤ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ስል የእንግሊዝኛዎቹን ፊደሎች ነው። በዚያው ፕሮግራም ክፈቱትና ሜሴጅ የሚለውን ሰንጠረዥ እዩ። ቴክስት የሚለው ጽሑፉ ነው። በአዳዲሶቹ ስሪቶች የአንዳንድ መልእክት ጽሑፍ በሌላ አምድ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ ባዶ ካያችሁ አትደንግጡ። ቀኑ የተቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ጀምሮ በናኖሰከንድ ነው። በ1,000,000,000 አካፍሉት፣ 978,307,200 ጨምሩበት፤ የተለመደው የኮምፒውተር ሰዓት፣ ማለትም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ፣ ይሆናል።

የተቆለፈ ባክአፕ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም። ማኒፌስቱ ራሱ ተቆልፏል። አይሜዚንግን የመሰለ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ፓስወርዱን አስገብታችሁ ፎቶውን፣ መልእክቱን፣ ኮንታክቱን በስሙ ታያላችሁ። የመሞከሪያ ስሪቱ ውስጡን ለማየት ይበቃል። ፓስወርድ ሳይኖር እንከፍታለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አትግዙ። የሚሠሩት እየገመቱ በመሞከር ነው፤ አፕል ደግሞ ከአይኦኤስ 10.2 ጀምሮ እያንዳንዱ ግምት ብዙ ስሌት እንዲፈጅ አድርጎታል። ረዘም ያለ ፓስወርድ በዚያ መንገድ አይገኝም።

ከውጭ አገር የተላከላችሁ አይፎን ላይ ሪስቶር የምታደርጉ ከሆነ መጀመሪያ የአዲሱን ስልክ ሶፍትዌር አሻሽሉ። ከአዲስ ስሪት የተወሰደ ባክአፕ በአሮጌ ስሪት ላይ አይገባም።

ማስቀመጥ

የአይፎን ባክአፕ በየጊዜው እዚያው ፎልደር ላይ ነው የሚታደሰው። ዛሬ ያለውን ሳይነካ ማቆየት ከፈለጋችሁ ማክ ላይ አርካይቭ በሉት፤ ዊንዶውስ ላይ ፎልደሩን ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ላፕቶፕና ስልክ በአንድ ቦርሳ አብረው ይሰረቃሉ። ሁለተኛው ኮፒ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ እናንተ ጋ ሳይሆን ወላጆቻችሁ ቤት፣ ቢቀመጥ ይሻላል።

ቪሲኤፉ፣ ኤክስኤምኤሉና የቴሌግራሙ ፎልደር ማንም ከፍቶ ሊያነባቸው የሚችል ናቸው። ሰቨን ዚፕ በሚባለው ፕሮግራም ጠቅልሉና ፓስወርድ ስጧቸው፤ ኢንክሪፕት ፋይል ኔምስ የሚለውንም አብሩ። የስልክ መጠገኛ ሱቅ ባክአፕ ከሠራላችሁ በራሳችሁ ፍላሽ ተቀበሉና ከሱቁ ኮምፒውተር ላይ እዚያው ቆማችሁ አስጠፉ። ሙሉ ሕይወታችሁ ነው እዚያ የሚቀረው።

ፎልደሩን በቀን ስትሰይሙ አንዱን ካላንደር ያዙ። የኢትዮጵያውንና የፈረንጁን ካቀላቀላችሁ የትኛው አዲስ እንደሆነ ከዓመታት በኋላ ያምታታል። ዓመቱን ከፊት፣ ወሩን ቀጥሎ፣ ቀኑን መጨረሻ አድርጉ፤ ኮምፒውተሩ በራሱ በቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል።

ድሮ የተሠራ ኤቢ ፋይል ካገኛችሁ

አሮጌ ኮምፒውተር ስታጸዱ በኤቢ የሚያልቅ የአንድሮይድ ባክአፕ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቀድሞ በኬብልና በትእዛዝ የሚሠራ ዓይነት ነበር። ከ2021ዱ አንድሮይድ 12 ወዲህ የአብዛኞቹን አፖች ዳታ ስለማይዝ አሁን በእሱ አዲስ ባክአፕ መሥራት አልመክርም። የድሮውን መክፈት ግን ይቻላል።

በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ክፈቱትና የመጀመሪያዎቹን አራት መስመሮች ብቻ እዩ። አንደኛው አንድሮይድ ባክአፕ ይላል። አራተኛው ነን የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ከሆነ ፓስወርድ የለውም፤ ኤኢኤስ 256 ካለ አለው። ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት። ከዚያ አንድሮይድ ባክአፕ ኤክስትራክተር የሚባለውን ነጻ መሣሪያ አውርዱ፤ ጃቫ ኮምፒውተሩ ላይ መኖር አለበት። ኤቢውን ታር ወደሚባል ጥቅል ፋይል ይቀይረዋል፤ ፓስወርድ ካለው ይጠይቃችኋል። ታሩን በሰቨን ዚፕ ክፈቱ። አፕስ የሚለው ፎልደር የየአፑን ዳታ ይይዛል፤ ሼርድ የሚለው ደግሞ ፎቶና ቪዲዮውን። አፕስ ውስጥ በዲቢ የሚያልቁ ፋይሎች ካገኛችሁ ቅድም ለአይፎኑ በተጠቀማችሁበት ዲቢ ብራውዘር ይከፈታሉ።